ወር በገባ ቁጥር የሚጠፉ ደብዳቤዎች

ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ሃሎ ይላት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ ማዞሪያው ቤት ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ "ሃሎ፣ ማንን ላገናኝ?" ስትል የኖረች ሴት ናት። ስንቱ የተጣላው፣ ስንቱ የታረቀው፣ ስንቱ መርዶ የሰማው በእሷ ጣቶች መካከል ባለፈ ገመድ ነው። ከሰማችው ሁሉ አንዲት ቃል አምልጣት አታውቅም። በእሷ ጥፋት የተቋረጠ መስመርም አልነበረም። አለቆቿ ሲያሰናብቷት በሰጧት ወረቀት ላይ ይህንኑ ጽፈውላት፣ ባሏ መስተዋት አልብሶ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቅሎላታል።

ያሰናበቷት አጥፍታ አይደለም። አውቶማቲክ ማዞሪያ መጣና ሰው ሁሉ ቁጥሩን ራሱ ይመታ ጀመር። እሷም በአርባ ስድስት ዓመቷ እጇን አጣጥፋ ቤት ዋለች። የጎረቤት ስልክ በጮኸ ቁጥር ብድግ ትላለች። ባሏ አናጢ ነው፤ ብዙ አይናገርም፣ ሲናገር ግን ቀልድ አያጣም።

"ተቀመጪ እንጂ፣ የጎረቤት ነው። ማዞሪያ ቤቱ እንኳ ያለ አንቺ መሥራት ለምዷል" ይላታል።

እሷ ግን አልለመደችም።

ኮምፒዩተሩ የመጣው በሁለተኛው ዓመት ነው። አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ከውጭ አስመጥቶት፣ ልጆቹ ተጫውተውበት ሲሰለቹት፣ አናጢው በሠራለት ቁም ሣጥን ለወጠው። ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዝ፣ ቁልፎቹና ሆድ ዕቃው ባንድ ሣጥን ውስጥ የታጨቁ የቤት ኮምፒዩተር ነበር። አብራው ሞደም የሚሏት ጠፍጣፋ ዕቃ መጣች። ሞደሟ ኮምፒዩተሩ ላይ የተጻፈውን ወደ ፉጨት ለውጣ በስልክ መስመር ትሰዳለች፤ በሌላው ጫፍ ያለች ብጤዋ ፉጨቱን መልሳ ጽሑፍ ታደርገዋለች። እትዬ ሃሎ ይህን ስትሰማ ዓይኗ በራ።

"እንዲህ ከሆነማ እኔ አውቀዋለሁ። ማዞሪያ ነው" አለች።

ነገሩን ለማወቅ ግን ስምንት ወር ፈጀባት። መመሪያውን በመዝገበ ቃላት እየፈታች፣ የተሳሳተችውን እየሰረዘች፣ አንዳንዴም ሣጥኑን ልትወረውረው እየቃጣት ዘለቀችው። "ሁለተኛ ባል አገባሽብኝ፤ ያውም የማይናገር" አላት አናጢው። ይህን እያለ ግን መቀመጫ ሠራለት። መብራት በሄደ ቁጥር ስትናደድ አይቶም አንድ የከባድ መኪና ባትሪ አምጥቶ ከሣጥኑ ጋር አያያዘላት። ከዚያ ወዲህ የእሷ ማሽን ጠፍቶ አያውቅም።

መረቡ ከሦስት ማሽን አይበልጥም ነበር። አንዱ የእሷ ነው። ሁለተኛው በመንገዱ አጋማሽ ባለችው ከተማ የሚኖር የአንድ ሒሳብ መምህር ነው፤ ደብዳቤ የሚያቀባብለውን ፕሮግራም የጻፈው እሱ ነው። ሦስተኛው መንገዱ በሚያበቃበት፣ እነሱ የዳሩ ከተማ በሚሉት ቦታ፣ በአንድ መድኃኒት ቤት ጓዳ ተቀምጧል። ከዳሩ ከተማ በፖስታ የተላከ ደብዳቤ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ስልኩም ዝናብ ሲነካው ይንጫጫል እንጂ አያነጋግርም። ማሽኖቹ ግን አይሰለቹም። በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ መሥሪያ ቤት ለምሳ ሲዘጋና መስመር ሲለቀቅ፣ የመድኃኒት ቤቱ ማሽን እስኪሳካለት ደጋግሞ ለመምህሩ ማሽን ይደውላል፤ ያለውን ሰጥቶ የመጣለትን ይቀበላል። በሰባት ተኩል የመምህሩ ማሽን ደግሞ ለእትዬ ሃሎ ይደውላል።

ሰው ደብዳቤውን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ያመጣላታል፤ እሷ ትመታዋለች። የመጣውንም አትማ፣ አጥፋ፣ ለባለቤቱ ትሰጣለች። እጇ ይመታል እንጂ ዓይኗ አያነብም፤ የማዞሪያ ቤት ልማድ ነው። ከደብዳቤው ሌላ በየቀኑ አንድ ገጽ ወሬ ታዘጋጅ ነበር፦ የትኛው አውቶቡስ እንደዘገየ፣ ማን እንዳረፈ፣ የትኛው ድልድይ እንደተሰበረ፣ የማን ጃንጥላ እንደጠፋ። ሰዉ ጋዜጣዬ ይለው ጀመር።

እነዚያ የቤት ኮምፒዩተሮች አንድ ድክመት ነበራቸው። መብራት ከሄደባቸው ቀኑን ይረሳሉ። ሲበሩ "ዛሬ ስንት ነው?" ብለው በባዕድ ቋንቋ ይጠይቃሉ፤ የተነገራቸውንም አምነው በየደብዳቤው ላይ ያትማሉ። ስለዚህ እትዬ ሃሎ ለመድኃኒት ቤቱ ማሽኑን በአውቶቡስ ስትልክ፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፏ አንድ ካርቶን ጽፋ ግንባሩ ላይ ለጠፈችበት፦ "ማሽኑ ቀን ሲጠይቅዎ መጀመሪያ ቀኑን፣ ቀጥሎ ወሩን፣ ቀጥሎ ዓመቱን ይጻፉ።" በማዞሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የጻፈችው እንዲሁ ነበር።

በዚያ መረብ ከሚሄደው ሁሉ ክብደት ያለው አንድ ነገር ነበር። በዳሩ ከተማ አሥራ አንድ የስኳር ሕመምተኞች አሉ። ባለመድኃኒት ቤቱ ወር በገባ በሁለተኛው ቀን የሚያስፈልገውን ኢንሱሊን ጽፎ ይልካል፤ እትዬ ሃሎ አትማና ፈርማበት እሷ ከተማ ላለው መጋዘን ታስረክባለች። የመጋዘኑ መኪና በስድስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ያደርሳል። ከዚያ በኋላ ሌላ መኪና የሚኖረው በሚቀጥለው ወር ነው። ከአሥራ አንዱ አንዷ የእሷ ታላቅ እህት ናት። እናታቸው በሞተች ጊዜ እትዬ ሃሎ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያሳደገቻት ይህች እህት ናት። እታለም ትላታለች።

በአሥረኛው ወር በአምስተኛው ቀን ጠዋት፣ እትዬ ሃሎ ከመምህሩ ከተማ መድኃኒት ቤት የመጣውን ትእዛዝ ይዛ መጋዘን ሄደች። ኃላፊውን ሰዉ አቶ ማኅተም ይለዋል፤ ያለ ማኅተም ማስነጠስ እንኳ የማይወድ ሰው ነው። ወረቀቱን ገልብጦ አየና መታበት።

"ይኸው ነው?" አላት።

"ከዳሩ ከተማ የተላከውስ?"

"አንቺ ካላመጣሽልኝ ከየት ይመጣል? ባለፈው ወርም አልነበረም። ስኳሩ ለቋቸው ይሆናል፤ ተመስገን በይ።"

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ባለፈው ወር ትእዛዝ አለመምጣቱን አስታወሰች፤ ያኔ የተረፋቸው አለ ማለት ነው ብላ ትታው ነበር። ወደ ቤቷ ስትመለስ እርምጃዋ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ሄደ። እታለም በሁለት በሦስት ቀን አንድ ደብዳቤ ታስጽፍ ነበር። የመጨረሻው መቼ ነው የመጣው? በዘጠነኛው ወር በሃያ ዘጠነኛው ቀን። ከዚያ ወዲህ ዝም። ባለፈው ወር መጀመሪያም እንዲሁ ዝም ብላ፣ ኋላ "አራት ደብዳቤ ጽፌልሻለሁ" ብላ ድርቅ አለች፤ "አልጻፍሽም፣ ጽፌያለሁ" ተባብለው ተኳርፈዋል። አሁንም ያው ኩርፊያ ነው ብላ ነበር፣ እስከዚህ ጠዋት ድረስ።

ቤት ገብታ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ የመድኃኒት ቤቱን ቁጥር መታች። ጩኸት ብቻ። ደግማ መታች። አሥራ አራት ጊዜ መታች። ባሏ ከእንጨት ሥራው ቀና ብሎ በመስኮት ያያታል። በአሥራ አምስተኛው አንድ ድምፅ ከሩቅ፣ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ መጣ።

"ሃሎ! ጋሼ፣ እኔ ነኝ!"

"ማን ልበል?"

"እኔ! ከኮምፒዩተሩ! የኢንሱሊኑን ትእዛዝ ለምን አልላኩም?"

"ምን ማለትሽ ነው? በሁለተኛው ቀን ላክሁ። በሦስተኛው ደገምሁ። ትናንትም ላክሁ። መኪናው ነገ አይደል እንዴ የሚነሣው?"

"አንዱም አልደረሰኝም!"

"እንዴት አይደርስሽም? ጋዜጣሽ በየቀኑ ይደርሰኛል እኮ! መስመሩ ደህና ነው ብዬ ነው ዝም ያልሁት።"

"እጅዎ ላይ ስንት ቀርቷል?"

ዝናቡ በመስመሩ ውስጥ ተንጫጫ።

"አራት ብልቃጥ" አለ ሽማግሌው። "ለአሥራ አንድ ሰው። ባለፈው ወርም አልመጣልኝ፤ መጋዘኑ ባዶ ይሆናል ብዬ ከተጠራቀመው እየቆነጠርሁ ቆየሁ። ከሰኞ ጀምሮ ግማሽ ግማሽ ነው የምሰጣቸው።"

"እህቴስ?"

"እህትሽማ..." አለና መስመሩ ተቆረጠ።

እጀታውን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቆመች። ደግማ መታች፤ እንደገና፤ እንደገና። አልተገኘም። ተቀመጠችና የመምህሩን ቁጥር መታች። የእሱ መስመር ሁልጊዜ ደህና ነው።

"መምህር፣ ደብዳቤዎቼን የት አደረስካቸው?"

"እኔም ደህና ነኝ እትዬ፤ አንቺስ እንዴት አደርሽ?"

"አትቀልድብኝ። ከዳሩ ከተማ የወጣ ደብዳቤ እኔ ጋ አልደረሰም። በመካከል ያለኸው አንተ ነህ።"

"እና ሌባ ነህ ልትዪኝ ነው?"

"ሌባስ በስንት ጣዕሙ። ሌባ የሰረቀውን ያውቃል።"

መምህሩ ተቀየመ፤ ቅያሜው በትንፋሹ ይሰማታል። ግን ሄዶ የማሽኑን መዝገብ አገላበጠና ተመለሰ። ድምፁ ተለውጧል።

"እትዬ፣ ትናንት ከዳሩ ከተማ ሁለት ተቀብሏል።"

"የታሉ ታዲያ?"

"ሁለቱንም ጠርጓቸዋል። ከትናንት ወዲያም ሁለት ተቀብሎ ሁለት ጠርጓል።"

መጥረግ የሚባለው የመምህሩ የራሱ ፈጠራ ነበር። የዚያን ጊዜ ዲስክ የሚይዘው ጥቂት ስለሆነ፣ ከሠላሳ ቀን በላይ ያስቆጠረ ደብዳቤ ማሽኑ ላይ እንዳይከማች ፕሮግራሙ ራሱ ይደመስሰዋል።

"ያላረጀ አይጠርግም እኮ" አለ መምህሩ፤ ለራሱ የሚናገር ይመስላል።

"የትናንት ደብዳቤ ባንድ ቀን አረጀ?"

"እኔ እንጃ! በሰባት ሰዓት ሲደውል መጥረጊያውን አጥፍቼ እጠብቀዋለሁ። መጥቶ በዓይኔ ልየው።"

ሰባት ሰዓት እስኪሆን አንድ ሰዓት ከሩብ ቀርቷል። መጋዘኑ መኪናውን ጭኖ የሚጨርሰው በአሥር ሰዓት ነው። ባሏ ምግብ አቅርቦላት ነበር፤ አልነካችውም። ከማሽኑ ወደ በር፣ ከበር ወደ ማሽኑ ትመላለሳለች። በመካከሉ የመድኃኒት ቤቱን ቁጥር ትመታለች፤ ጩኸት ብቻ ነው። "እህትሽማ" የምትለዋ ቃል ጆሮዋ ላይ ቀርታለች። እህትሽማ ደህና ናት? እህትሽማ ተኝታለች? እህትሽማ ምን?

"የመምህሩ ማሽን ነው የተበላሸው" አለችው ባሏን። "ወይ ያ ሽማግሌ ቁልፍ ተሳስቶ ነው። እነሱ ናቸው።"

አናጢው ወንበሩን ገፋ አድርጎ አጠገቧ ተቀመጠ።

ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኩ ጮኸ።

"እትዬ፣ መጣ" አለ መምህሩ። "ትእዛዙም አለ፣ የእህትሽም ደብዳቤ አለ። ግን ጉድ ነው። የተጻፉበት ቀን በአምስተኛው ወር፣ በአሥረኛው ቀን ይላል። አምስት ወር ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸው። ለዚህ ነው የሚጠርጋቸው። ሽማግሌው ቀኑን ሲነግረው ምን ብሎ ነው የሚነግረው?"

"ዛሬ ስንት ነው?" አለች፤ ስንት እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

"በአሥረኛው ወር፣ አምስተኛው ቀን።"

አምስትና አሥር። ማሽኑ መጀመሪያ የሚጠብቀው ወሩን ነው እንጂ ቀኑን አይደለም። ሽማግሌው ቀኑን አስቀድሞ አምስት ይጽፋል፤ ማሽኑ አምስተኛው ወር ነው ብሎ ይቀበላል። ቀኑን አስቀድሞ እንዲጽፍ የነገረው ማን ነው? ግንባሩ ላይ የተለጠፈው ካርቶን። ካርቶኑን የጻፈው ማን ነው?

ባትሪው ከመምጣቱ በፊት ገና ትማር ስለነበር የማሽኗን የቀን ጥያቄ ሳትመልስ ታልፈው ነበር፤ ባትሪው ከመጣ ወዲህ ያስነሣችው አንድ ጊዜ፣ በአምስተኛው ወር በአምስተኛው ቀን ነው። አምስትና አምስት ቢገለበጥም ያው ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ በባሏ ባትሪ ምክንያት ማሽኗ ቀን ጠይቋት አያውቅም። መምህሩ ፕሮግራም ጻፊ ነውና ካርቶን አላስፈለገውም። በዳሩ ከተማ ግን ከባለፈው ወር ጀምሮ ዝናብ ገብቶ መብራት በየቀኑ ይሄዳል፤ ሽማግሌው በየቀኑ ካርቶኑን እያነበበ ያንኑ ይጽፋል።

"እትዬ? አለሽ?"

"የእህቴን ደብዳቤ አንብብልኝ።"

"አሁን በሰባት ተኩል ይደርስሽ የለም? የሰው ደብዳቤ ደግሞ..."

"አንብብ አልሁህ።"

መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "አንቺ ልጅ፣ ይህን ስጽፍልሽ ሦስተኛዬ ነው። እግሬ ደንዝዟል፣ ዓይኔም ጨለም ጨለም ይለዋል። ሽማግሌው ግማሽ ግማሽ እየሰጠን ነው። ጋዜጣሽ ግን ይደርሰኛል። ጃንጥላው የጠፋበትን ሰው እግዜር ይርዳው።"

እትዬ ሃሎ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ ማተሚያው ላይ ወረቀት አስገባች።

"እትዬ፣ ስሚኝ" አለ መምህሩ ዝግ ብሎ። "አቶ ማኅተም ቢጠይቅሽ መስመር ተበላሽቶ ነው በዪው። ዝናብ ነው በዪው። ማን ያውቃል?"

እሷ ስልኩን ዘጋች። በሰባት ተኩል ማሽኑ ፉጨቱን ጨርሶ ትእዛዙን ሲያወጣ አትማ ፈረመችና በሩጫ ወጣች። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በጎዳና ላይ ሮጣ አታውቅም። ሱቁ ሁሉ ቆሞ አያት።

አቶ ማኅተም ምሳ ላይ ነበር። ሲመለስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ወረቀቱን አነሣ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ፣ መልሶ አወረደ።

"ይሄ የአምስተኛው ወር ትእዛዝ ነው።"

"የዛሬ ነው።"

"እኔ የማነበው የተጻፈውን ነው። ባረጀ ወረቀት ላይ ማኅተም አልመታም። ኦዲተር ቢመጣ ምን ልለው ነው?"

በመስኮቱ መኪናው ይታያል፤ ግማሹ ተጭኗል፣ ረዳቱ ሸራውን መሳብ ጀምሯል። መምህሩ ያቀበላት ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ዝናብ ነው። መስመር ነው። ብትለው አቶ ማኅተም "እሺ፣ አጣርቼ በሚቀጥለው መኪና" ይላታል፤ ሃያ ሁለት ዓመቷም ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ይኖራል።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች። "ቀኑን እንዴት እንደሚጽፉ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ገልብጬ ነው የነገርኳቸው። ባለፈው ወርም ያልደረሰው በእኔ ነው።"

አቶ ማኅተም አያት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ።

"በቃል አይሆንም፤ ጻፊው። መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ የመጣ ሁሉ ያነበዋል። ያን ሁሉ ዘመን ስትጠነቀቂ ኖረሽ እዚህ ላይ ትፈርሚያለሽ?"

"እህቴ ዓይኗ እየጨለመ ነው። ብዕር ስጠኝ።"

ጻፈች። ከመቸኮሏ የተነሣ ያ የሚያምር ጽሑፏ የሌላ ሰው መሰለ። ፈረመች። አቶ ማኅተም ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ሁለት ጊዜ አነበበና ማኅተሙን እፍ ብሎ መታ። ከዚያ ራሱ ወደ ግቢው ወጥቶ፣ "ሸራውን አውርድ! ገና ነው!" ብሎ ጮኸ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መኪናው ሲነሣ፣ እትዬ ሃሎ ኢንሱሊኑ ያለበትን የበረዶ ሣጥን ታቅፋ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሣጥኑ ኋላ ቢሆን ይሻላል አላት ሾፌሩ፤ አልሰማችውም። መንገዱ ጭቃ ነው። ሁለት ጊዜ ተያዙ። ሁለተኛው ጊዜ ላይ መኪናው ወደ ጎን ሲንሸራተት ሣጥኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ ዓይኗን ጨፈነች።

"እትዬ፣ መድኃኒቱን ሳይሆን ራስሽን ያዢ" አላት ሾፌሩ።

"አንተ መንገድህን እይ።"

በረዶው እየቀለጠ ቀሚሷን ያረጥባል። በየጥቂቱ ክዳኑን በእጇ ትዳስሳለች፤ አሁንም ቀዝቃዛ ነው፣ አሁንም ቀዝቃዛ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደረሱ። ባለመድኃኒት ቤቱ መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ሰላምታ እንኳ አልሰጣትም።

"ክሊኒክ ናት። ከትናንት ጀምሮ" አላት።

እታለም ዓይኗን ገልጣ ተኝታለች፤ ግን አላወቀቻትም። ከንፈሯ ደርቋል። ነርሷ ወጋቻት፣ ግሉኮስ ሳይሆን ጨው ያለበት ውኃ በክንዷ ሰቀለችላት፣ ደሟን መርምራ ቁጥሩን ሳትናገር ጻፈች። በየሰዓቱ መጥታ ትመረምራለች፣ ትጽፋለች፣ ትወጣለች። እትዬ ሃሎ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ድምፅ ስታደምጥ የኖረች ናት፤ ያን ቀን ያደመጠችው ትንፋሽ ነው። በአራተኛው ጊዜ ነርሷ ቁጥሩን ጽፋ ቆም አለች።

"ወረደ" አለች። "ብዙ ባይሆንም ወርዷል።"

በማግስቱ ጠዋት እታለም ውኃ ጠየቀች። ጠጥታ ስትጨርስ እህቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"ምን ሆነሽ ነው ጭቃ የተለቀለቅሽው?"

"እታለም፣ ደብዳቤሽ አልደረሰኝም ነበር።"

"አልደረሰሽም። እሺ። ስድስት ቀን ሳይደርስሽ ሲቀር ምን መስሎሽ ነው ዝም ያልሽው?"

"ያኮረፍሽ መስሎኝ።"

እታለም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ባኮርፍስ?" አለች።

እትዬ ሃሎ እስከ ከሰዓት በኋላ ተቀምጣ አሰበችበት።

ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄዳ ካርቶኑን ልትልጥ ስትል ሽማግሌው ተገረመ።

"ለምን ትልጪዋለሽ? እስከ አሥራ ሁለተኛው ቀን ድረስ ደህና ይሠራል እኮ።"

"እንዴት ማለትዎ ነው?"

"ከአሥራ ሦስተኛው ቀን ጀምሮ አልቀበልም ይለኛል፤ ያኔ ገልብጬ ወሩን አስቀድምለታለሁ፣ ይቀበለኛል። የማሽኑ ጠባይ ነው ብዬ ነው። በወሩ መጀመሪያ በአንድ በኩል፣ ከዚያ ወዲያ በሌላ በኩል።"

ለባዕዱ ማሽን ዓመት አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው፤ አሥራ ሦስትን ወር ብሎ አይቀበልም።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ተቀበለኝ እኮ! ደግሞ የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺን ላርምሽ ነው?"

መጀመሪያ ሳቀች። ሳቁ እንዴት ወደ ለቅሶ እንደተለወጠ ሽማግሌውም አልገባውም፤ ወንበር አቀረበላት።

ያን ዕለት ከዚያው ማሽን ላይ ሆና ለመረቡ ሁሉ አንድ ማስታወቂያ ጻፈች። ደብዳቤ የጠፋው በእሷ ስሕተት እንደነበረ፣ ስሕተቱ ምን እንደነበረ፣ ማን እንደተጎዳ ሳታሳጥር አሰፈረች። መምህሩ አንብቦ፣ "ይህን ያህል ባትገልጪውስ?" ብሎ መለሰላት። ማስታወቂያው እንዳለ ወጣ። አንድ ሰሞን ደብዳቤ የሚያመጣላት ሰው ቀነሰ፤ አንዳንዱ ከዚያ ወዲህ ጨርሶ አልተመለሰም። ከማስታወቂያው ሥር አዲስ ሕግ ጨምራ ነበር፦ የሚጽፈው ያለውም የሌለውም ጣቢያ በየቀኑ አንድ ደብዳቤ ይልካል። ደብዳቤው ሰባት ተኩል ላይ ካልደረሰ፣ የዚያኑ ዕለት በስልክም በአውቶቡስም ይጠየቃል።

ለእታለም ሕጉ የባሰ ነበር፤ በራሷ ስም በየቀኑ "አለሁ" ብላ ማስጻፍ አለባት። ሁለት ወር አክብራ ጻፈች። በሦስተኛው ወር አንድ ሐሙስ፣ "አለሁ። ዛሬ ጥሩ ፀሐይ ነው" የሚል መጣ። ከዚያው ማሽን በዚያው ዕለት የሽማግሌው ደብዳቤ ደግሞ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ዝናቡ አላባራም ይላል። እትዬ ሃሎ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣ አየቻቸው። ሁለቱ በአንድ ቀን የተጻፉ ሊሆኑ አይችሉም። በማግስቱ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዛ ሄደች።

እታለም በሯ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

"ሰኞ ዕለት የሳምንቱን ባንድ ላይ አስጽፌ ለሽማግሌው ሰጠሁት" አለች፣ ቀና ሳትል። "በየቀኑ እግሬን ከምጎትት ብዬ። ምን አጠፋሁ? አለሁ አይደል?"

"እታለም፣ ሰኞ የጻፍሽው ሐሙስ መኖርሽን አይነግረኝም።"

"በየቀኑ ምን አዲስ ነገር አለ ብለሽ ነው?"

"የፈለግሽውን። ብቻ የዚያን ቀን ይሁን።"

እህትማማቾቹ ተጨቃጨቁ፤ ምስሩንም አብረው ለቅመው ጨረሱ። እትዬ ሃሎ በማግስቱ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በነጋታው በሰባት ተኩል ማሽኑ ፉጨቱን ሲጀምር አናጢው መጋዙን አቁሞ መስኮቱ ጋ ቆመ። ወረቀቱ ወጣ።

"አለሁ። ዛሬ ጠዋት የጎረቤት ዶሮ ጓዳዬ ገብታ የዱቄት እንቅቤ ውስጥ እንቁላል ጣለች። ዶሮዋን መለስኩ፤ እንቁላሏን ግን አልመለስኩም። ይበቃሻል?"

መጀመሪያ ቀኑን አነበበች። ቀጥላ ደብዳቤውን አነበበች። ከዚያ መለስ ብላ ቀኑን አንድ ጊዜ ደገመችውና፣ በመስኮቱ ለቆመው ባሏ ራሷን ነቀነቀችለት። መጋዙ እንደገና መጮኽ ጀመረ።